ዋንጫውን ማን ያነሣዋል? ስለ መውደድና ስለ መፍረድ

በመርካቶ ሸማ ተራ ለሚነግዱ ሰዎች በእጅ የተፈተለውን ከፋብሪካ ክር፣ ጠንካራውን ድር ከልፍስፍሱ መለየት የሙያ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ጉዳይ ነው። ነጋዴው ጋቢውን በጣቶቹ መካከል ያሸዋል፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማጉ የሳሳበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ከዚያም ዋጋውን ይናገራል። ሸማኔው የሥጋ ዘመዱ ቢሆንም፣ የአገሩ ልጅ ቢሆንም፣ የሳሳው ሳስቷል። ነገር ግን ይኸው ሰው የእግር ኳሱ የውድድር ዘመን ወደ ፍጻሜው ሲቃረብና ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ሲቀሩ፣ ጎረቤቱ ከወዲያኛው ሱቅ ደጃፍ ሆኖ «ዘንድሮ ዋንጫውን ማን ያነሣዋል?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ያ ጨርቅ የሚመረምር ዐይኑ ወዴት እንደ ሄደ አይታወቅም። «የኛ ነዋ!» ይላል። ማስረጃ ሲጠየቅም ማስረጃውን መፈለግ የሚጀምረው መልሱን ከሰጠ በኋላ ነው።

ውድ አንባብያን፣ «ስለ ኳስ የሚደረግ ጭቅጭቅ ምን ቁም ነገር ኖሮት ነው የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው?» ትሉ ይሆናል። የሰው ኅሊና የሚታወቀው ግን በታላላቅ ጉዳዮች ብቻ አይደለም። በታላላቅ ጉዳዮች ሁላችንም ተጠንቅቀንና ቃላችንን መዝነን እንናገራለን፤ የሚሰማን እንዳለ እናውቃለንና። በቀላል ጉዳይ ግን፣ ተጠያቂነት በሌለበት ሰዓት፣ የልባችን ልማድ ሳይሸፈን ይወጣል። የሸማ ተራው ጥያቄ ከሥሩ ሲታይ እንዲህ የሚል ነው፦ ሰው የሚወደውን ነገር በተመለከተ ማስረጃው ከሚፈቅድለት በላይ መልካም አድርጎ የማመን መብት አለውን? ይህ ስለ ልጁ ጠባይ ከትምህርት ቤት ለሚነገረው አባት፣ ስለ አገሩ ለሚጽፈው የታሪክ ጸሐፊ፣ በሸንጎ ስለ ወዳጁ ለሚመሰክረው ሰው ሁሉ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ስለ ኳስ መሆኑ ጥያቄውን ያቀልለዋል እንጂ አይለውጠውም።

በአዲስ አበባ ይህ ክርክር ከሁሉ በላይ የሚጋጋለው በሁለት ቡድኖች ደጋፊዎች መካከል ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዓመት፣ በአራዳ ሰፈር የተመሠረተ ነው። ለብዙ ዘመን የተጫወቱለት ይድነቃቸው ተሰማ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 ዓ.ም.፣ አህጉሩን አገልግለዋል። ኢትዮጵያ ቡና በበኩሉ የተመሠረተው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው የቡና ንግዱ ልጅ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ቡና የሊጉን ዋንጫ ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2003 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ መሪነት ነው። ጊዮርጊስ ግን ከማንም ይልቅ ደጋግሞ አንሥቶታል። እንግዲህ የጊዮርጊስ ደጋፊ ታሪክን ይጠቅሳል፤ የቡና ደጋፊ ደግሞ ዘንድሮን። አንዱ «የኖረ ይኖራል» ሲል፣ ሌላው «ያልሆነ ሁሉ የማይሆን አይደለም» ይላል። ሁለቱም አባባሎች በየራሳቸው እውነት ናቸው፤ ክርክሩም የማያልቀው ስለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በየወሩ በ23 ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚዘክር፣ ስለቱንም የሚያገባ የቡና ደጋፊ በሸማ ተራም ሆነ በሌላው ሰፈር ማግኘት አያስቸግርም። ጠዋት የሰማዕቱን ስም ጠርቶ ይማጸናል፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው ስም የሚጠራውን ቡድን «ይሸነፍ» ይላል፤ ቅር የሚለው ነገርም የለም። ይህን ሰው ግብዝ የሚለው ቢኖር እኔ አልስማማም። ስም አንድ ሆኖ ነገሩ ሁለት መሆኑን ከብዙዎቻችን ይልቅ እሱ አጥርቶ ያውቃል።

ወደ ትንበያው እንመለስና፣ ያለፉት ዓመታት ለተንባዮች ያስተማሩት ነገር ቢኖር ትሕትናን ነው። መብራት ኃይል በ1990 እና በ1993፣ ሐዋሳ በ1996 እና በ1999፣ ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ዋንጫውን ወስደዋል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ገና ወደ ሊጉ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ ለአራት ተከታታይ ዓመታት ዋንጫውን ሲወስድ የኖረውን ጊዮርጊስንም ከዙፋኑ አወረደው። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር ነው ሲባል፣ በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እንደዚሁ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አነሣ። በ2017 ደግሞ ባለድሉ ኢትዮጵያ መድን ሆነ። በነዚህ ዓመታት መስከረም ላይ በሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ የባለድሉን ስም በትክክል የተናገረ ሰው ቢኖር፣ በዕውቀት ሳይሆን በዕድል የተናገረ መሆኑን ራሱም ሳያምን አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ግን የ2012 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። ያን ዓመት «ማን ያነሣዋል?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «ማንም» የሚል ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ ውድድሩ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም አልተሰየመም። የ2011 ዓ.ም. ባለድል የነበረው መቐለ 70 እንደርታ ክብሩን በሜዳ ተከላክሎ ሳይጨርስ ጦርነት መጣ። እሱና ሌሎቹ የትግራይ ቡድኖች፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት፣ ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በሸማ ተራ ቆሞ የሚቀጥሉትን ዓመታት ለመተንበይ የሞከረ ሁሉ ስለ አጥቂዎችና ስለ በረኞች ሲያስብ ነበር፤ ስለ በሽታና ስለ ጦርነት አላሰበም።

ትንበያ እንዲህ ደካማ ከሆነ፣ ያለ ማስረጃ «የኛ ነው» ማለት ነውር ነውን? ዊልያም ክሊፈርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1877 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ በዚህ ረገድ እጅግ ጥብቅ ነው። ምሳሌው የአንድ መርከብ ባለቤት ነው። መርከቢቱ አርጅታለች፤ ሰውየውም ይህን ያውቃል። ነገር ግን ጥርጣሬውን ቀስ በቀስ ከልቡ አባርሮ፣ «ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ ሄዳ ተመልሳ የለምን?» እያለ ራሱን አሳምኖ፣ ስደተኞችን ጭኖ ይልካታል። መርከቢቱም ሰጠመች። ሰውየው አልዋሸም፤ ከልቡ አምኖ ነበር። ይሁን እንጂ ክሊፈርድ በደለኛ ነው ይላል፤ እምነቱን ያገኘው በመመርመር ሳይሆን ጥርጣሬውን በማፈን ነውና። መርከቢቱ በሰላም ደርሳ ቢሆን ኖሮም በደሉ ያው ነበር። እንደዚህ ከሆነ «የኖረ ይኖራል» የሚለው የጊዮርጊስ ደጋፊና «ስንት ጊዜ ሄዳ ተመልሳለች» የሚለው የመርከብ ባለቤት በአንድ ወንበር ሊቀመጡ ነው። ልዩነቱ በደጋፊው እምነት ሰው አለመስጠሙ ብቻ ነው።

አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. ለክሊፈርድ መልስ ሰጥቷል። ጄምስ እንደሚለው፣ አንዳንድ ነገሮች እውነት የሚሆኑት አስቀድሞ በመታመናቸው ነው፤ ሰው ወዳጅነትን አስቀድሞ ካላመነ ወዳጅ አያገኝም፤ እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ማስረጃ እስኪመጣ መጠበቅ ማስረጃውን ራሱን ማጥፋት ነው። ይህ አሳብ ለደጋፊ ታላቅ መጽናኛ ነበር። በአዲስ አበባ ስታዲየም በካታንጋ ወይም በሚስማር ተራ ተሰልፎ የሚዘምር ሕዝብ ማመኑ በራሱ ለቡድኑ ኃይል ይሆናል፤ የደከመ ተጫዋች በዜማው ይነሣል፤ በዚያ ቦታ እምነት ሥራ ይሠራል። የሸማ ተራው ሰው ግን ሁኔታው ተለውጦበታል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን ይታዩ ጀመር፤ ቡድኖቹም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ከቆዩ በኋላ ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋ፣ በሐዋሳ፣ በአዳማ ሲጫወቱ ከረሙ። ጊዮርጊስና ቡና ሐዋሳ ላይ ሲገናኙ የመርካቶ ደጋፊ ጩኸት ከሻይ ቤቱ ጣሪያ አያልፍም። ስለዚህ ጄምስ የሰጠው ፈቃድ ለስታዲየሙ ሰው ቢሠራም በቴሌቪዥን ፊት ለተቀመጠው አይሠራም ለማለት እገደዳለሁ። እምነቱ ሜዳው ላይ ማንንም አያነሣም።

ታዲያ ምን ቀረለት? ተስፋ ቀረለት። ተስፋና ግምት ደግሞ አንድ አይደሉም። ቶማስ አኲናስ ተስፋን ሲተነትን፣ የሚጠበቀው ነገር መልካም፣ ገና ያልደረሰ፣ ለማግኘት የሚያስቸግር፣ ነገር ግን የሚቻል መሆን አለበት ይላል። ልብ በሉ፤ «የሚቻል» አለ እንጂ «ሳይሆን የማይቀር» አላለም። አንድ ደጋፊ ቡድኑ በነጥብ እየተመራ፣ ከአሥር አንድ ጊዜ ብቻ ሊሳካለት እንደሚችል እያወቀ፣ በሙሉ ልቡ ተስፋ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህን ለማድረግም ራሱን ማታለል አያስፈልገውም። በዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን የሚከታተሉት የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ውድድር በዚህ ረገድ ለተስፋ ቸር ነው፤ 82 ጨዋታ የፈጀው መደበኛ ውድድር ካለቀ በኋላ የተመረጡት ቡድኖች ጥሎ ማለፉን እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምራሉ። በኛ ሊግ ግን ሁለተኛ መጀመሪያ የለም። በጥቅምት የተጣለ ነጥብ በሰኔም የተጣለ ነው፤ ቀሪዎቹ ጨዋታዎች ተደምረው መሪውን የማያስደርሱ ከሆነ በሩ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ «ዘንድሮ የኛ ነው» የሚል ሰው ተስፋ ሳይሆን እልህ ይዞታል።

ቋንቋችን ይህን ልዩነት በአንዲት ፊደል ለይቶ አስቀምጦልናል። «ቡና ያሸንፋል» ያለ ሰው ስለ ዓለም መስክሯል፤ ምስክርነቱም እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። «ቡና ያሸንፍ» ያለ ሰው ግን የልቡን ምኞት ተናገረ እንጂ አልመሰከረም። ሁለት ሰዎች አንዱ «ቡና ያሸንፋል»፣ ሌላው «ጊዮርጊስ ያሸንፋል» ቢሉ፣ ቢያንስ አንዱ ተሳስቷል። አንዱ «ቡና ያሸንፍ»፣ ሌላው «ጊዮርጊስ ያሸንፍ» ቢሉ ግን የተሳሳተ የለም፤ ሁለት ልቦች ብቻ ናቸው። የሱቅ ደጃፉ ክርክር አብዛኛው ክፍል «ያሸንፍ» የሚሉ ሰዎች «ያሸንፋል» እያሉ የሚጨቃጨቁበት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰሚውም ይህን ያውቃል። የቡና ደጋፊ ጎረቤቱ በየዓመቱ «ዘንድሮ እናነሣዋለን» ሲለው፣ የጊዮርጊሱ ሰው ውሸታም አይለውም፤ ቃሉን እንደ ጨርቅ ዋጋ አይመዝነውም። ይህ ከሆነ ክሊፈርድ በሸማ ተራ የሚከስሰው ብዙ ሰው አያገኝም ማለት ነው።

ነገር ግን «ያሸንፋል» የሚለው ቃል በገንዘብ የሚሸጥበት ሌላ ቤት አለ። ባለፉት ዓመታት በከተማችን የስፖርት ውርርድ የሚያጫውቱ ቤቶች በብዛት ተከፍተው ነበርና፣ ወጣቶች የእጅ ስልካቸውን ይዘው የሚያሰሉትን ስሌት ያላየ የለም። እንበልና አንድ በሸማ ተራ ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት፣ ከልጅነቱ የቡና ደጋፊ የሆነ፣ ጉዳዩን በጥሞና መርምሮ በሚመጣው እሑድ ጊዮርጊስ እንደሚያሸንፍ ይገምታል፤ ግምቱንም በገንዘብ ይወራረዳል። ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ «ከሃዲ» ይሉታል። ክዷልን?

እንደ እኔ አስተያየት፣ መገመቱ ክህደት አይደለም። የታመመች እናቱን ሐኪሙ «ጊዜዋ አጭር ነው» ሲለው የሚያምን ልጅ እናቱን አልከዳም። እውነቱን ማየትና መውደድ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ፤ እንዲያውም ድካሙን አይቶ የሚወድ ሰው ፍቅሩ የበለጠ የተፈተነ ነው። የወጣቱ ስሕተት ያለው ሌላ ቦታ ነው። እሑድ ዕለት፣ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ፣ ቡና አንድ ለዜሮ ሲመራ ልቡ ምን ይለዋል? የሚወደው ቡድን ድል ለእሱ ኪሳራ እንዲሆን አድርጎ ኑሮውን አሰናድቷል። ወንድሙ ሱቅ ሲዘጋ የሚያተርፍ ነጋዴ፣ ወንድሙን ባይጎዳውም እንኳ፣ «እንዳይዘጋ» ብሎ ሲመርቀው ምላሱ ይያዛል። ማንም ሰው ፍቅሩንና ጥቅሙን ፊት ለፊት አሰልፎ ሲያበቃ ፍቅሩ ሁልጊዜ ይረታል ብሎ መተማመን የለበትም።

ከዚህም የሚከፋው ግን በተቃራኒው ወገን ያለው ይመስለኛል፤ የእቁብ ገንዘቡን «ለፍቅሩ» ብሎ በራሱ ቡድን ላይ የሚያስይዝ ሰው። ይህ ሰው የልጆቹን እንጀራ የሚያስይዘው «ያሸንፍ» በሚለው ምኞቱ ላይ ነው፤ ተቀባዩ ግን በሒሳብ ይሠራል። አወራራጁ ቤት ክፍያውን የሚተምነው ማንም ቢያሸንፍ ድርሻው እንዲተርፈው አድርጎ ነው። ብዙ ጨዋታዎች በአንድ ወረቀት ሲደረደሩ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እያንዳንዱ ጨዋታ የመሳካት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ብንል፣ አሥሩም ባንድነት የመሳካት ዕድላቸው ከ1024 አንድ ነው። ነጋዴው ከ1024 ጋቢ አንዱ ብቻ ደኅና ነው ቢሉት ክምሩን ዘወር ብሎ አያየውም ነበር። የክሊፈርድ መርከብ የምትገባው እዚህ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ የሚሰጥሙ ሰዎች አሉና። ለመርከቡ ባለቤት ያልተፈቀደ ለአባወራውም አይፈቀድም።

ሌላው ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ የባላጋራን ሽንፈት ስለ መመኘት ነው። የኔ ድል ያንተን ሽንፈት በውስጡ ይዟልና ይህን መመኘት ክፋት ነው ለማለት አይቻልም፤ ይህማ ጨዋታው ራሱ ነው። ቡና በማይጫወትበት ቀን ጊዮርጊስ በሌላ ቡድን ሲሸነፍ የሚደሰት ደጋፊም ቢሆን ደስታውን በነጥብ ሠንጠረዥ ሊያስረዳ ይችላል። የሚያስፈራው ሠንጠረዡ ሊያስረዳው የማይችለው ደስታ ነው። እ.ኤ.አ. በ532 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የሠረገላ ውድድር ደጋፊዎች የነበሩት ሰማያዊዎቹና አረንጓዴዎቹ ያስነሡት ሁከት ከተማይቱን አቃጥሎ፣ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደ መዘገበው፣ ከ30,000 የሚበልጥ ሰው አልቆበታል። ያ ሩቅ ዘመን ነው እንዳንል፣ በአገራችን በ2010 ዓ.ም. ዳኛ በሜዳ ላይ ተደብድቦ ሊጉ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። በቀጣዩ ዓመትም የአማራና የትግራይ ቡድኖች በገዛ ሜዳቸው መገናኘት አቅቷቸው በገለልተኛ ሜዳ እስከ መጫወት ደርሰዋል። በዚያን ወቅት «ዋንጫውን ማን ያነሣዋል?» የሚለው ጥያቄ ስለ ዋንጫ መጠየቁን ትቶ ነበር። በሱቅ ደጃፍም አንዳንዶች ጥያቄውን ከማንሣታቸው በፊት በአጠገባቸው የቆመው ሰው የየት አገር ሰው እንደ ሆነ ይመለከቱ ጀመር።

ይህን የመሰለውን ጊዜ ካየን በኋላ የሸማ ተራው ክርክር ቀላል ሀብት አለመሆኑ ይገባናል። እዚያ የሚከራከሩት ሰዎች አንዱ ሲወጣ ሌላው ሱቁን የሚጠብቅለት፣ ዝርዝር ሲያጣ የሚያበድረው፣ በአንድ እቁብና በአንድ እድር የታሰሩ ጎረቤቶች ናቸው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው መስጊድ ይሄዳል። ለክርክሩ ተቃዋሚ ያስፈልጋልና፣ የቡና ደጋፊ ከሌለ የጊዮርጊሱ ሰው ድሉን የሚነግረው አያገኝም። የትግራይ ቡድኖች ባልነበሩባቸው ዓመታት ዋንጫ ያነሡትም ቢሆኑ፣ የ2011ን ባለድል ሳይገጥሙት ያነሡት መሆኑን ያውቃሉ።

በዚያ ሰፈር ውርርድ ሲኖር በሻይ ይሆናል፤ ግምቱ የከሸፈበት ሻይ ይጋብዛል። ይህን ከውርርድ ቤቱ ጋር አንድ አድርገው የሚኰንኑ ጥብቅ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከእነሱ ጋር አልቆምም። በሻይ ውርርድ የተሸናፊው ገንዘብ ከሁለቱ ጎረቤቶች ወደ ሌላ ሦስተኛ ወገን አይሄድም፤ የከፈለውም ሰው ከጠጪዎቹ አንዱ ነው። የሚያስቸግረኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጦ ማግ የሚያጠነጥን አንድ ልጅ ቢኖርና ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እውነት ግን ማን ያነሣዋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ «እውነት ግን» የሚለው ቃል ጨዋታውን ያቆመዋል። ልጁ «ያሸንፍ» እና «ያሸንፋል» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን የጎረቤታሞቹን ስምምነት ገና አልተማረም፤ የተነገረውን ይዞ ይሄዳል፤ ምናልባትም የቀን ደመወዙን። ለእሱ የሚሰጠው መልስ ጋቢው ወደ ብርሃን ሲነሣ እንደሚሰጠው መልስ መሆን አለበት፤ ለቡና ደጋፊ «ዘንድሮ የነሱ ቡድን ይሻላል» ብሎ ለልጁ መንገር፣ ጎረቤቱም እየሰማ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ የደገፈ ያውቀዋል።